ከባሕር ዳር ኤርፖርት እስከ ጎንደር ኤርፖርት፦ ርቀቱን በአየርም በመንገድም እንዴት እናስላ?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እህት ደወለችልኝ። እናቷን ይዛ ለጥምቀት ጎንደር መግባት ትፈልጋለች። የጎንደር ትኬት አልቋል። የባሕር ዳር ግን አለ። «ጋሼ፣ ካርታው ላይ ለካሁት፤ ከኤርፖርት ኤርፖርት 102 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃናል አይደል?» አለችኝ።

ልኬቷ ልክ ነበር። ቁጥሩም እውነት ነው። ችግሩ 102 ኪሎ ሜትሩ ጣናን አቋርጦ የሚያልፍ መሆኑ ነው። መኪና ደግሞ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል መዞር አለበት።

እኔ በዚህ መስመር ሹፌር ነኝ፤ 14 ዓመት ሆነኝ። ከባሕር ዳር ኤርፖርት ሰው ተቀብዬ ጎንደር አደርሳለሁ፤ ከጎንደርም አመጣለሁ። ርቀቱን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከየት እስከ የት እንደሆነና በምን እንደሚሄድ ለይቶ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጣቸው፣ መሽቶባቸው መንገድ ላይ ያደሩ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ እኔ የማሰላበትን መንገድ አንድ በአንድ ልጻፈው። ምሳሌዬ የማውቀው መስመር ነው፤ ዘዴው ግን ለየትኞቹም ሁለት ኤርፖርቶች ይሠራል።

መጀመሪያ ይህን ያዙ። በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ሦስት ርቀት አለ። አንደኛው በአየር ቀጥታ ሲለካ ነው። ሁለተኛው መኪና የሚሄድበት ነው። ሦስተኛው ትኬታችሁ የሚያስኬዳችሁ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ሦስቱም ደግሞ በጣም ይለያያሉ።

የአየሩን ርቀት በእጅ ማስላት

ይህን ያስተማረኝ አንድ የሒሳብ መምህር ነው። ጋቢና ተቀምጦ ወደ ጎንደር ስንሄድ ወረታ ላይ ነዳጅ ቀዳሁ። ደረሰኙን ከእጄ ወሰደና ጀርባው ላይ ጻፈልኝ። ያ ደረሰኝ ዛሬም ከሊብሬው ጋር አብሮ አለ፤ ቀለሙ ግን ደብዝዟል።

እያንዳንዱ ኤርፖርት ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ ይናገራል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ስንት እንደሆነ። የባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ በሰሜን 11.61፣ በምሥራቅ 37.32 ላይ ነው። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ደግሞ በሰሜን 12.52፣ በምሥራቅ 37.43። ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ ኤርፖርቱን በጣታችሁ ጫን ብትሉት ቁጥሮቹ ይመጣሉ።

አሁን ቀንሱ። በሰሜን በኩል ልዩነቱ 0.91 ነው። በምሥራቅ በኩል 0.11። አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን ስትሄዱ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ምሥራቅ ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ በእኛ አካባቢ 109 ብትይዙት ልክ ነው። ስለዚህ 0.91 በ111 ሲባዛ 101 ይሆናል። 0.11 በ109 ሲባዛ 12።

ቀጥሎ ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ቀመር ነው። 101 ሲራባ 10,201። 12 ሲራባ 144። ድምሩ 10,345። ስኩዌር ሩቱ 101.7። በቃ፣ 102 ኪሎ ሜትር። ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለችው ልጅ ያገኘችው ይህንኑ ነው።

በእጅ ማስላት የማይፈልግ ሰው ካርታው ላይ መለካት ይችላል። የመጀመሪያውን ኤርፖርት ጫን በሉት። ከታች የሚመጣውን ዝርዝር ወደ ላይ ስባችሁ ርቀት መለኪያውን ምረጡ። ከዚያ ካርታውን ወደ ሁለተኛው ኤርፖርት ውሰዱት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ሰው ሲሳሳት አያለሁ።

አንደኛው፣ ኤርፖርቱን ትቶ የከተማውን ስም መጫን ነው። ከባሕር ዳር መሀል ከተማ እስከ ጎንደር መሀል ከተማ በአየር 112 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኤርፖርት ኤርፖርት ግን 102። የአሥር ኪሎ ሜትር ልዩነት የሚመጣው የጎንደር ኤርፖርት ከከተማው በስተደቡብ፣ አዘዞ አጠገብ፣ ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ስለተሠራ ነው።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ስልኩ በማይል ነው የሚያሳየው፤ 63 ይልለታል። የበረራ ሰዎች ደግሞ በኖቲካል ማይል ነው የሚያወሩት፤ እነሱ ጋ 55 ነው። 102፣ 63 እና 55 አንድ ርቀት ናቸው። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ቦታ ያነበባችሁት ቁጥር ካልገጠመ፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት መለኪያውን እዩ።

ይህ 102 ኪሎ ሜትር በየት ያልፋል? ገና ከባሕር ዳር እንደተነሳ ውሃው ላይ ነው። ዳጋና ደቅ የሚባሉት ደሴቶች በግራ በኩል ይቀራሉ። ከዚያ ሰፊው ጣና። ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ ነው። ጎርጎራም በግራ ይቀርና የደምቢያ ሜዳ ይመጣል፤ ከሜዳው ጫፍ አዘዞ። በጠራ ቀን ከላይ ያየ ሰው ያንን ሰማያዊ አይረሳውም። ከታች ግን መንገድ የሚባል የለም።

የመኪናው መንገድ

ሰው ሁሉ «ባሕር ዳር ጎንደር 180 ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ከከተማ ከተማ ነው። ከኤርፖርት ኤርፖርት ለማግኘት ግን ሁለቱን ጫፎች ማስተካከል አለባችሁ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፤ በአንዱ በኩል እደምራለሁ፣ በሌላው በኩል እቀንሳለሁ።

የባሕር ዳር ኤርፖርት ከከተማው በስተምዕራብ ነው። የጎንደር መንገድ ደግሞ የሚወጣው በምሥራቅ፣ በአባይ ድልድይ በኩል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ወደ ጎንደር ስትነሱ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታቋርጣላችሁ። እስከ መሀል ከተማ ብቻ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ደምሩ። ጎንደር በኩል ግን ኤርፖርቱ ጋ የምትደርሱት ከከተማው በፊት ስለሆነ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትቀንሳላችሁ። ውጤቱ ከ170 እስከ 175 ነው። የእኔ መኪና ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው የሚያርፈው። ነዳጅ ለመቅዳት ወይም ምሳ ለመብላት ከገባሁ ትንሽ ከፍ ይላል።

ይህን ቁጥር ለ102 አካፍሉት። 1.7 ይመጣል። በአየር አንድ ኪሎ ሜትር የሆነው በመሬት ከአንድ ተኩል በላይ ነው ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን መንገዱን በየቦታው እንቁረጠው። ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው መሀል ላይ ሲደርስ ልዘግይ ልፍጠን አያውቅም።

ከኤርፖርቱ ወጥተን በዘንባባዎቹ መሀል ከተማውን እናቋርጣለን። ጠዋት ባጃጁ ብዙ ነው፤ እስከ አባይ ድረስ ግማሽ ሰዓት ብላችሁ ያዙ። ድሮ አሮጌው ድልድይ ላይ ወረፋ ነበር፤ ከባድ መኪና ከገባ ሁሉም ይቆማል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሰፊ ነው። አሁን እዚያ ላይ የሚባክን ጊዜ የለም። በዚህ እንደ ሹፌር ከልቤ ደስ ይለኛል።

ከአባይ ማዶ ወደ ሐሙሲት ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ሜዳ ነው። ግን ስሟ እንደሚነግራችሁ ሐሙስ ገበያ ናት። ሐሙስ ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። አስፋልቱ በበግ፣ በፍየልና በአህያ ይሞላል። ገበያተኛው መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ጥሩምባ መንፋት ከብቱን ያስደነብረዋል እንጂ መንገድ አያስለቅቅም። ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ማክሰኚትም እንዲሁ፣ ስሟ የማክሰኞ ነው። ስለዚህ በረራ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ቀኑን እዩ። ሐሙስ ወይም ማክሰኞ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ከሐሙሲት በኋላ የጉማራን ወንዝ ተሻግረን የፎገራ ሜዳ እንገባለን። ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውሃ የሚተኛበት ጊዜ አለ። በነሐሴ የምትሄዱ ከሆነ ወረታ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከጉዞው አንድ ሦስተኛ። ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድም ከዚህ ነው የሚገነጠለው። እኔ ሁልጊዜ ወረታ ላይ ሰዓቴን አያለሁ። ከኤርፖርት ከተነሳሁ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ከሆነኝ ዘግይቻለሁ ማለት ነው፤ የቀረውን እቅድ አስተካክላለሁ።

ከወረታ አዲስ ዘመን ቅርብ ነው። ከአዲስ ዘመን በኋላ ግን መንገዱ ይለወጣል። እስከዚያ ሜዳ የነበረው ዳገት ይጀምራል፣ ይጠማዘዛል። ወደ ሰማይ የቆመውን ሹል አለት ስታዩ ከባዱ ክፍል ላይ ናችሁ። ካርታ ላይ ይህች ክፍል ትንሽ ትመስላለች። መኪና ውስጥ ግን ጊዜውን የምትበላው እሷ ናት። የጭነት መኪና ከፊት ከገባ ለመቅደም ቦታ የለም፤ በ30 እና በ40 ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሹፌር ከገጠማችሁ በግልጽ «ቀስ በል» በሉት። ተሳፋሪ የመናገር መብት አለው። እኔም ሲነግሩኝ አይከፋኝም።

ከዚያ እንፍራንዝ። በቀኝ በኩል ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ አለ፤ አፄ ሠርፀ ድንግል ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ያሠሩት ነው። ጊዜ ያለው ሰው ቢወርድ አይቆጭም። ጊዜ ከሌላችሁ ግን «አምስት ደቂቃ ብቻ» አትበሉ፤ ዳገቱን ወጥቶ መውረድ ብቻ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከእንፍራንዝ በኋላ ማክሰኚት፣ ከዚያ ጠዳ፣ ከዚያ አዘዞና ኤርፖርቱ።

በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ተኩል። ምንም ሳያቆመን በሦስት ሰዓት የደረስኩበት ቀን አለ። እናንተ ግን ለበረራ ከሆነ አራት ሰዓት ያዙ። አረጋውያን ወይም ልጆች ካሉ አራት ሰዓት ተኩል፤ መውረድና መናፈስ ያስፈልጋቸዋል።

ትኬቱ የሚያስኬዳችሁ ርቀት

አሁን ወደ ሦስተኛው። ብዙ ሰው «ከባሕር ዳር ጎንደር በአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ነው» ይላል። አውሮፕላኑ በቀጥታ ቢሄድ እውነት ነው። የሀገር ውስጥ መስመር ላይ የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 102 ኪሎ ሜትር ለእሱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። መነሳቱና ማረፉ ሲታከልበት ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ትኬት ስትፈልጉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላችሁ በአዲስ አበባ በኩል ነው። ይህንንም በመምህሩ ዘዴ አስሉት። ቦሌ በሰሜን 8.98፣ በምሥራቅ 38.80 ላይ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከቦሌ እስከ ጎንደር 420። ድምሩ 750 አለፈ። ከቀጥታው መስመር ሰባት እጥፍ በላይ ነው። ከመኪናው መንገድ ደግሞ አራት እጥፍ በላይ።

ጊዜውንም ደምሩ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት መገኘት አለ። እስከ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት። ቦሌ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ጥበቃ። ከዚያ ጎንደር አንድ ሰዓት ከምናምን። ሻንጣ መጠበቅ። ሰባት ስምንት ሰዓት ይሆናል። መኪናው አራት ሰዓት ነበር።

ታዲያ ማን ነው በአዲስ አበባ በኩል የሚሄደው? ብዙ ሰው። ምክንያታቸውም ትክክል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። እኔ ራሴ ተሳፋሪ ይዤ ወረታ ላይ ሁለት ቀን አድሬያለሁ። በዚያን ቀን 60 ኪሎ ሜትር ሄጄ ቀሪው 110 ለእኔ አልነበረም። ስለዚህ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምለው፦ በመኪና ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ማታም፣ በዕለቱ ጠዋትም ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው አይበቃም። መነሻ ላይ አንድ፣ ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ላይ አንድ፣ ጎንደር ላይ አንድ። ሦስቱም «ሰላም ነው፣ መኪና እየሄደ ነው» ካሏችሁ ተነሱ። አንዱ ካመነታ ቅሩ፤ በአዲስ አበባ በኩል ዙሩ። ሲመሽ ደግሞ በፍጹም አትንቀሳቀሱ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር አልነሳም። ገንዘብ ጨምሩልኝ ያሉኝ አሉ፤ አሁንም አልነሳም።

ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር?

ይህን ነጥብ በቀላሉ አትዩት። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 08:00 ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ስናወራ በሀበሻ ነው የምንቆጥረው።

ከስድስት ዓመት በፊት ከውጭ ሀገር አንድ ሰው ደውሎ «እናታችን ስምንት ሰዓት ባሕር ዳር ይደርሳሉ፣ ተቀበልልን» አለኝ። እኔ ስምንት ሰዓት የገባኝ የከሰዓቱ ነው። እሳቸው ግን የደረሱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ስደርስ ከኤርፖርቱ በር ውጪ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ከፀሐዩ ለመከለል አናታቸው ላይ አድርገዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ስልካቸው የውጭ ነው፣ እዚህ አይሠራም። ሲያዩኝ አንዲት ቃል አልተቆጡም። «ልጄ፣ ደህና ነህ? መንገድ አስቸገረህ?» አሉኝ። ያ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሰዓት ሲነግረኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ጠዋት ነው ከሰዓት? የትኬቱን ፎቶ ላክልኝ። እናንተም ሹፌር ስትይዙ ይህን አድርጉ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሀበሻ፣ በፈረንጅ 8» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉለት። ቀኑንም እንዲሁ። የእኛ ጥር 10 ከእነሱ ጃንዋሪ 10 ጋ አይገናኝም።

ሌላ መስመር ላይ ሲሆን

ያቺን 1.7 አስታውሱ። የአየሩን ርቀት ካወቃችሁ የመኪናውን መገመት ትችላላችሁ። ሜዳ ከሆነ በ1.3 አባዙ። ሐይቅ ወይም ተራራ ካለ በ1.7። ገደልና ሸለቆ የበዛበት ከሆነ ወደ 2 አስጠጉት።

ጎንደር ኤርፖርትና ላሊበላ ኤርፖርትን ውሰዱ። በአየር 179 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን ወደ ደቡብ ተመልሳችሁ እስከ ወረታ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከጉና ሥር፣ ነፋስ መውጫ፣ ጋሸና። ከጋሸና ወደ ሰሜን ዞራችሁ ወደ ላሊበላ። ከ320 ኪሎ ሜትር አያንስም። ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ነፋስ መውጫ አካባቢ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጭጋጉም ብርዱም የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። እዚያ መስመር ላይ ርቀቱን በ50 አካፍላችሁ ሰዓቱን አውጡ። ባሕር ዳር ጎንደር ላይም በ50 ብታካፍሉ ልክ ይመጣል። በ80 የሚያካፍል ሰው ካርታውን እንጂ መንገዱን አላየውም።

ግምቱን ካወጣችሁ በኋላ ካርታው ላይ የመኪና መንገዱን ጠይቁና አስተያዩት። የሚሰጣችሁ ኪሎ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ሰዓቱን ግን እንዳለ አትመኑት። ገበያውን፣ ፍተሻውንና ከፊት የገባውን ሲኖትራክ አይቆጥርም።

ገንዘቡን በአጭሩ። ኮንትራት መኪና ስትይዙ ሹፌሩ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ የሚያሰላው ደርሶ መልስ፣ 350 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ 42 ሊትር ማለት ነው። የዕለቱን የነዳጅ ዋጋ አባዙበት፤ የሚጠይቃችሁ ከዚያ ላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ታያላችሁ። ነዳጁ በማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ነዳጅ የሚጠፋበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ በዋዜማው መቅዳቱን ጠይቁት። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትመጡ ከሆነ የሀገር ውስጡ ትኬት ቅናሽ ስላለው አብራችሁ ግዙት።

ለጥምቀት ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ከተራ ጥር 10 ነው። በዚያን ቀን ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የጎንደር መንገዶች ይዘጋሉ። አዘዞ ደርሳችሁ ከተማ መግባት ላይ ትቆማላችሁ። ጥር 8፣ ቢዘገይ ጥር 9 ግቡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለችው ልጅ ጥር 8 ቀን መጣች። አውሮፕላኑ ባሕር ዳር ያረፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በዋዜማው ማታ ሦስት ቦታ ደውዬ ነበር፤ ጠዋትም ደገምኩት። ሻንጣቸውን ጭነን 3 ከ40 ላይ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጌ ተነሳን። እናትየው 22 ዓመት ሙሉ መንገዱን አላዩትም ነበር። ሐሙሲት ላይ ወርደው ቡና ጠጡ፤ አዲስ ዘመን ላይ ዳገቱ ሲጀምር ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸው ግን መስኮቱን ከፍተው እስከ ማክሰኚት ድረስ የእያንዳንዱን ቀበሌ ስም እየጠሩ ነገሩኝ።

አዘዞ ኤርፖርት በር ላይ ስንደርስ 7 ከ35 ነበር። ቆጣሪው 173 ይላል። ልጅቷ ነቅታ ስልኳን አየችና «102 አልነበረም እንዴ?» አለች። እናትየው ቀድመው መለሱላት፦ «ሐይቁን ዞረን ነዋ፣ ልጄ።» ከዚያ ወደ ከተማው ሽቅብ መንዳት ጀመርኩ።